ሱፍ የበላው ጥርስ

«ከቀብሩ በፊት ካልያዟት፣ ከቀብሩ በኋላ አይይዟትም።»

ሐኪሟ ይህን ያለችው የእግዜር ሰላምታ እንኳን ሳታስቀድም፣ የሳሙና ፋብሪካው በር ላይ ቆማ ነው። ከሆስፒታል የመጣችበትን ነጭ ጋዋን አላወለቀችም፤ አንገቷ ላይ ጥቁር የጥጥ ሻሽ ጣል አድርጋለች። ዐይኗ ቀልቷል፤ ከለቅሶው ይልቅ ቁጣው ነው ያቀላው።

«ማንን ነው የምይዘው?» አለች መርማሪዋ።

«የአባቴን ሚስት። ትናንት ጠዋት ሻይ አፈላችለት። ጠጣ። ግቢውን ተሻግሮ ቢሮው ገባ። ሞተ። ከዚህ በላይ ምን ላስረዳ?»

«አባትዎ አስም ነበረባቸው አሉ።»

«አስም ያለበትን ሰው መግደልማ ቀላል ነው። ሁሉም ‹አስም ነው› ይላላ!»

መርማሪዋ አልመለሰችም። አለመመለስ ሙያዋ ነበር። ሰው ሲናገር አታቋርጥም፤ ዝም ስትል ደግሞ ዝምታዋ የጎረበጠው ሰው ያላሰበውን ይጨምርላታል። ባልደረቦቿ «ጆሮ» የሚል ስም ያወጡላት ለዚህ ነው። አብሯት የሚሠራው ወፍራሙ ሳጅን «ግድግዳ ጆሮ አለው ይባላል፤ የኛዋ ጆሮ ግን እግርም አውጥታለች» እያለ ይቀልድባታል። ዛሬ ግን አልቀለደም። አለቃቸው ቁርጡን ነግሯቸዋል፦ ሟቹ ከሰዓት በኋላ ይቀበራሉ፤ እስከዚያ ሌላ ነገር ካልተገኘ ሚስትየዋ ከመቃብሩ አፋፍ በካቴና ትወሰዳለች። ልጅ ከሳለች፤ ሰራተኛው ያጉረመርማል፤ አንድ ሰው መያዝ አለበት።

«አንድ ሰው መያዝ አለበት» የሚለውን ነገር መርማሪዋ በሥራ ዘመኗ ደጋግማ ሰምታዋለች። በሰማችው ቁጥር ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ የምትላት አንዲት አጭር ጸሎት አለቻት፦ ፈጣሪዬ፣ ንጹሕ ሰው በእጄ አታስይዘኝ።

ሟቹ የፋብሪካው ባለቤት ነበሩ፤ ሰራተኛው ሁሉ «አባባ» ይላቸዋል። ቢሯቸው የሳሙናው ዱቄት ከሚደባለቅበት አዳራሽ ርቆ፣ በግቢው ማዶ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቱ ዙሪያውን በጎማ ተደፍኗል፤ የበሩ ግርጌ ላይ እርጥብ ጨርቅ ተጎዝጉዟል። አቧራ ጠላታቸው እንደነበረ ክፍሉ ራሱ ይናገራል። ከወንበሩ ሥር በአፍ የሚነፋው የአስም መድኃኒታቸው ወድቋል። ሳጅኑ አንስቶ ነቀነቀው።

«ባዶ ነው።»

«አዲስ ነበር» አለች ሐኪሟ። «እኔው ነኝ የሰጠሁት። ሙሉውን ጨርሶታል ማለት ነው።» ድምጿ ተሰበረ፤ ወዲያው ጠገነችው።

መርማሪዋ ከወንበሩ ክንድ ላይ የተጣበቀች ግራጫ የሱፍ ብጣሽ በጣቷ ለቀመች። «ሻርፕ ያደርጉ ነበር?»

«ሁልጊዜ። ግቢውን ሲሻገር አቧራው እንዳያገኘው አፍንጫውን ይሸፍንበታል። እሷው ናት የሠራችለት።»

«አሁን የት ነው?»

«አባቴ ሞቶ ስለ ሻርፕ ነው የምናወራው?»

መርማሪዋ ብጣሿን በማስታወሻዋ ገጾች መሃል አኖረች። ሐኪሟ ፊቷን አዞረች።

* * *

መኖሪያ ቤቱ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከዛፎቹ ጀርባ ነው። ሚስትየዋ በእድሜ ከባሏ ብዙ ታንሳለች። ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች፤ ጣቶቿ ግን ኪሮሽ እንደያዙ ያህል ይንቀሳቀሳሉ። ሥራ የለመደ እጅ ሐዘን ላይም አርፎ አይቀመጥም።

«ሻዩን እኔ ነኝ ያፈላሁት። አልክድም» አለች። «እሱም ጠጣ፣ ወንድሙም ጠጣ፣ እኔም ጠጣሁ። ከአንድ ማንቆርቆሪያ።»

«ወንድማቸው እዚህ ነበሩ?»

«ጠዋት ጠዋት ይመጣል፤ ስለ ሥራ ይነጋገራሉ። ትናንት ግን ተጨቃጨቁ። በር ዘግተው ስለነበር አልሰማሁም። ‹ሰኞ ለሰራተኛው እናገራለሁ፤ ቃሌ ነው› ሲል ብቻ ጆሮዬ ገባ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወጡ። ሁለቱም ሻርፓቸውን እዚያ በር ላይ ሰቅለው ነበር። አንድ ዓይነት ነው የሠራሁላቸው፤ ለታላቅ ሠርቼ ለታናሽ ብተው ነገር ይሆናል ብዬ። ወንድሙ ቀድሞ አንዱን አንስቶ ወጣ። የቀረውን እኔ አንስቼ ለሱ ጠመጠምኩለት። አፍንጫውን ሸፈንኩለት።» ቀና ብላ ባዶውን መስቀያ አየች። «‹አፍነሽ ልትገድዪኝ ነው?› ብሎ ሳቀ።»

ሳጅኑ ጉሮሮውን ጠረገ። ይህች ሴት እንዲህ ያለውን ቃል ለሌላ ፖሊስ ብትነግር ኖሮ ካቴናውን ራሷ አቀበለች ማለት ነበር።

መርማሪዋ ቤቱን ዞረች። መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ፣ ከውሃ ማሞቂያው ሥር አንድ ሳፋ ተቀምጧል። ውሃው ደፍርሷል። እጇን ነከረች፤ ቀዝቅዟል። ውስጡ ያለውን ግራጫ ሻርፕ በሁለት ጣቷ ይዛ ስታነሳው፣ ሻርፑ ውሃ እንደጠገበ ዳቦ ተቆርሶ ተመልሶ ወደቀ። አብሮት የተዘፈዘፈውን መሐረብ አነሳች። የጥጥ ነው። ወጠረችው፤ ወይ ፍንክች።

«ይሄን ማን ዘፈዘፈው?»

«እኔንጃ። ማታ ነው ያየሁት። ለለቅሶ ከመጡት ሴቶች አንዷ ትሆናለች ብዬ ተውኩት» አለች ሚስትየዋ ከበሩ ላይ። ከዚያ ቀረብ ብላ አየችው። «ውይ! ምን ሆነ? ሱፍ እኮ አይዘፈዘፍም!»

«በምን ሳሙና ነው የምታጥቡት?»

«በድዳሙ።»

«በምን?»

«የሰራተኛው ቋንቋ ነው» አለች ሴትየዋ፤ በሐዘኗ መሃል ፈገግ ልትል ጥቂት ነው የቀራት። «ፋብሪካው የሚሠራው ዱቄት ውስጥ ቆሻሻ የሚበላ ነገር አለ፤ ጥርስ ይሉታል። ጥርስ የሌለበትን ተራውን ሳሙና ደግሞ ድዳሙ ይሉታል። እሱን ያሳመመው ጥርሱ ነው። አንዴ ከረጢት ፈንድቶበት ለጥቂት ነው የተረፈው። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ጥርስ አይገባም።»

አይገባም የተባለው ነገር ግን ሳፋው ውስጥ ቁጭ ብሎ ሻርፕ ሲበላ አድሯል።

መርማሪዋ ውሃውን ቀስ ብላ አንቆረቆረች። ከሥሩ የጣት ጥፍር የምታህል ነጭ ጥብጣብ ወጣች፤ የጥጥ ናት፣ ሁለት ቀያይ ስፌቶች አሉባት። በፖስታ ውስጥ አስቀመጠቻት። ምን እንደሆነች ለጊዜው አልጠየቀችም፤ ጥያቄም እንደ ፍሬ ሳይበስል ከተቀጠፈ ይመራል።

* * *

የሟቹ ታናሽ ወንድም የፋብሪካው ሻጭ ነው። ሰራተኛው በጓሮ «ማስታወቂያው» ይለዋል፤ ከአፉ የሚወጣው ሁሉ ወይ ግጥም ነው ወይ ዋጋ። ደንበኛ በሚቀበልበት ክፍል አገኙት። ጥቁር ልብስ ለብሷል፤ አንገቱ ላይ ግራጫ የሱፍ ሻርፕ ተጠምጥሟል። ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆዎች፣ ትንንሽ ብልቃጦችና የሳሙና ፓኬቶች ተደርድረዋል።

«ወንድም ጋሼን ያህል ሰው አጥቼ...» ብሎ ጀመረና ዐይኑን ጠረገ። «ይቀመጡ እህቴ።»

«ይህ ጥርስ የምትሉት ነገር ምንድን ነው?» አለች መርማሪዋ።

ሐዘኑ ከፊቱ ላይ እንደ መጋረጃ ተሰበሰበ። «ጎሽ! እንደሱ ይጠይቁኝ! የተቀቀለ እንቁላል ነጩን ቆርሼ ብርጭቆ ውስጥ እጥላለሁ። ከዚህች ብልቃጥ ንጹሑን ጥርስ ቆንጥሬ ጣል! ከዚያ ለብ ያለ ውሃ። ምስጢሩ ለብታው ነው። ዘፍዝፎ መተው! ስመለስ እንቁላሉ የለም። ባለሱቆቹ አስማተኛ ይሉኛል።» አንድ ፓኬት አንስቶ ፊቷ ላይ ዘረጋ። «ደም ቢሉ፣ ወተት ቢሉ፣ የሕፃን ትፋት ቢሉ፣ ዘፍዝፎ መተው ነው!»

አውራ ጣቱ የፓኬቱን አንዲት መስመር ሸፍኗል። ሌላ ፓኬት አነሳ፤ አውራ ጣቱ አሁንም እዚያችው መስመር ላይ አረፈ።

«ብልቃጡ ሁልጊዜ ከእርስዎ ጋር ነው?»

«ናሙና የሌለው ሻጭ፣ ጥሩምባ የሌለው ለፋፊ ነው!»

«ስለ ትናንቱ ይንገሩኝ።»

ፊቱ ተመልሶ ጠቆረ። «ለሥራ ብዬ ቢሮው ስወጣ ወንበሩ ላይ ተዘርሯል፤ ፊቱ ጠቁሯል። አየር ያግኝ ብዬ ሻርፑን ፈትቼ ወረወርኩት። ኬሚስቱን ጠርቼ መኪና እንዲያመጣ ላክሁት። እትዬም እየጮኸች መጣች። ግርግር ሆነ።»

«ሻርፑስ?»

«እትዬ ወስዳ ለብ ባለ ውሃ ዘፈዘፈችው። ሰው ሳይቀበር ልብስ አጠባ! እኔ ሰው አልወቅስም፤ ግን ምን አስቸኮላት?»

መርማሪዋ ዝም አለች። ዝምታው ረዘመ። እሱ መሙላት ጀመረ። «ይሄንንም የሠራችልኝ እሷው ናት» አለ፣ አንገቱ ላይ ያለውን እየዳበሰ። «እጇ ወርቅ ነው፤ አልዋሽም። ከሠራችልኝ ጀምሮ ከአንገቴ አልወረደም፤ ማንም አልነካብኝም። ትናንት ጠዋትም ብርድ ስለነበር እነሱ ቤት እንኳን አላወለቅኩትም።»

ሲወጡ ሳጅኑ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «እትዬን ያዘነላት መስሎ ነው የሚከሳት፤ አላዩም? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ።»

«ነገር ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል» አለች መርማሪዋ። «ሰውየው ፀጉሩ ብዙ ነው፤ ግን አምልጦታል።»

«ምኑ?»

«ቆይ።»

* * *

በመደባለቂያው አዳራሽ ሴቶች አፋቸውን በጨርቅ ሸፍነው ዱቄት በአካፋ ያገላብጣሉ። አየሩ ራሱ ነጭ ነው። ሳጅኑ ገና በሩን ሲረግጥ በላይ በላዩ አነጠሰ። ከሴቶቹ አንዷ «ይማርህ፤ እኛ ለምደነዋል» አለችውና ሳል አቋረጣት። ሳሉ ብዙ ቆየ።

ኬሚስቱ ቀጭን፣ ሲናገር ዐይኑን የሚሰብር ሰው ነው። መርማሪዋ የሻርፑን ቁራጭ በላስቲክ አድርጋ አሳየችው።

«ጥርስ ነው የበላው» አለ ወዲያው። «ኢንዛይም ነው። ሥጋ፣ ደም፣ እንቁላል፣ ወተት የተሠሩበት ረጅም ሰንሰለት አለ፤ ፕሮቲን ይባላል። ይሄ ሰንሰለቱን እየቆረጠ ይበታትነዋል።»

«ሱፍን ምን አገናኘው?»

«ሱፍ ፀጉር አይደል? ከሥጋና ከእንቁላል ጋር የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ሐርም እንደዚያው። ጥጥ ግን ከተክል ወገን ነው፤ አይነካውም። ለዚያ ነው ፓኬቱ ላይ ‹ለሱፍና ለሐር አይሆንም› ብዬ ያስጻፍኩት።»

መርማሪዋ የሻጩ አውራ ጣት የት እንዳረፈ ትዝ አላት።

«በቀዝቃዛ ውሃ ቢዘፈዘፍስ?»

«ያንቀላፋል።»

«በፈላ ውሃ?»

«ይሞታል፤ መናከሱን ይተዋል። ለብ ባለ ውሃ ግን፣ በተለይ ሙቀት አጠገብ ከቆየ፣ ሲበላ ያድራል።»

«እርስዎ ጥርስ ያለበት ልብስ ቢኖርዎና ምልክቱን ማጥፋት ቢፈልጉ ምን ያደርጋሉ?»

«የፈላ ውሃ እቸልስበታለሁ። ማንኛውም ኬሚስት...» ጥያቄው ለምን እንደመጣ አሁን ገባው፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

መርማሪዋ ጣሪያው ሥር የተገተረውን ሰፊ ቱቦ በአገጯ አሳየችው። «ያስ?»

«አቧራ መሳቢያ ነው። ታናሽየው ነው ያስጠፋው፤ ‹ጩኸቱ ደንበኛ ያባርራል› ብሎ። ሴቶቹ ማሳል የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። ዓምና አንዷ ሞተችብን፤ ልጅ ነበረች። ‹ጉንፋን ነው፤ የጉንፋን ነገር መች ይታወቃል› አለና አስቀበራት።» ኬሚስቱ ወደ ሴቶቹ እያየ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባባ የራሳቸው ሳንባ በምን እንደተበላ ሲገባቸው፣ የልጅቷም ገባቸው። ሰኞ ሰራተኛውን ሰብስበው ሊናገሩ፣ አዳራሹንም ሊዘጉ ነበር። አጠገቤ ቆመህ መስክር አሉኝ፤ እሺ አልኩ።»

«እስከዚያ ለምን ዝም አሉ?»

«ፈርቼ» አለ ኬሚስቱ። ሌላ ቃል አልጨመረም፤ እሷም አላስጨመረችውም።

* * *

ሐኪሟን ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኟት። ስልኳን በሁለት እጇ ይዛለች።

«ላቦራቶሪው ደወለ» አለች። «የሻይ ኩባያው ንጹሕ ነው። ደሙ ውስጥ ግን ትሪፕቴዝ ሞልቷል።»

መርማሪዋ አጠገቧ ተቀመጠች። «እኔ የትምህርት ቤት ሰው አይደለሁም። እንደ እናትዎ አስበው ይንገሩኝ።»

ሐኪሟ ትንፋሿን ሳበች። «ሰውነታችን ራሱ በቆራጮች የተሞላ ነው። ሆዳችን ሥጋ የሚፈጨው በነሱ ነው። ስንቆስል ደም የሚያረጉት፣ የረጋውን መልሰው የሚያሟሙት እነሱ ናቸው። ያለ እነሱ አንድ ቀን አንኖርም። ግን እያንዳንዱ ሰገባ አለው፤ ጊዜው ሳይደርስ አይመዘዝም። ያለ ጊዜው ከተመዘዘ የሚቆርጠው ባለቤቱን ነው፤ ቆሽት ራሱን ይፈጫል፣ ሳንባ ይበላል።»

«ትሪፕቴዝስ?»

«የዘብ ሴሎች ሰይፍ ነው ይበሉት። ሳንባ አጥብቆ የሚጠላው ነገር ሲገባበት፣ ዘቦቹ ደንግጠው ሰይፋቸውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመዛሉ። ተራ አስም እንዲህ ደም አያጥለቀልቅም። አባቴ ያን የሚጠላውን ነገር በአፍንጫው በብዛት ስቦታል። የተቃጠለው አፍንጫውና የአየር ቧንቧው ነው፤ ሆዱ ደህና ነው።»

«እንግዲያ ሻዩ አልገደላቸውም።»

የሐኪሟ አገጭ ጠነከረ። «ሻርፑን የጠመጠመችለት ማን ሆነና!»

መርማሪዋ ተነሳች። ከመንገዱ ማዶ አስከሬን የሚወስደው መኪና ወደ ግቢው ሲታጠፍ ይታያል። እርምጃዋ ግን አልፈጠነም። ሚስትየዋን ከሴቶቹ መሃል ለብቻዋ ጠራችና ፖስታውን ከፈተችላት።

«ይህችን ያውቋታል?»

ሴትየዋ ጥብጣቧን መዳፏ ላይ አድርጋ አየቻት። አገላብጣ ስፌቶቹን ቆጠረች።

«ይህች... ይህች እኮ የሱ አይደለችም» አለች።

* * *

ሣጥኑ ሳሎኑ መሃል፣ ክዳኑ ገና ሳይዘጋ ተቀምጧል። መርማሪዋ ሐዘንተኛው ሁሉ በረንዳ ላይ እንዲቆይ አድርጋ አራት ሰዎች ብቻ አስገባች፦ ሚስትየዋን፣ ልጅየዋን፣ ወንድምየውንና ኬሚስቱን። ሳጅኑ በሩን ዘግቶ ጀርባውን አስደገፈበት።

«መኪናው ቆሟል» አለ ወንድምየው። «ሬሳ ፊት ምርመራ ነውር ነው እህቴ።»

«ልክ ነዎት። አላስረዝምም» አለች። ሁሉንም በየተራ አየቻቸው። «አባባን የገደለው ጥርስ ነው። የሳቡት ከሻርፓቸው ነው። ንጹሕ ጥርስ በሻርፑ ጥልፍልፍ ውስጥ በትዕግሥት ታሽቶበታል። አፍንጫቸውን ሲሸፍኑ፣ ከአቧራ የሸሹ መስሏቸው አቧራውን አፋቸው ላይ አሰሩት። ይህንን ደማቸው መስክሯል።»

«ማን እንደጠመጠመለት ትንገረን!» አለች ሐኪሟ ወደ እንጀራ እናቷ ሳታይ። «ተናገሪ እንጂ አንቺ!»

«ነግራኛለች፤ አልደበቀችም። አሁን ሳፋውን እንመልከት። ገዳዩ ዱቄቱን ማጥፋት ነበረበት። ሻርፑን በግርግሩ መሃል አንስቶ ወደ ቤት አመጣውና ዘፈዘፈው። ይህን ያደረገው ኬሚስቱ ነው?» ቀጭኑ ሰውዬ ራሱን ደፋ። «ኬሚስት የፈላ ውሃ ይቸልስበት ነበር። ጥርሱ ይሞት ነበር፤ ሻርፑም አይበላም ነበር። እትዬ ናት? እሷ የሱፍ ሰው ናት። ሱፍ እንደማይዘፈዘፍ እጇ ያውቃል። የዘፈዘፈው ሰው ‹ዘፍዝፎ መተው ነው› የሚለውን ያመነ ነው። እንቁላልን የሚበላው ሱፍን እንደሚበላ ያላወቀ፤ ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን ከሰው ዐይን ሲሸፍን ኖሮ ከራሱም ዐይን የሸፈነው።»

ወንድምየው ሳቀ። ሳቁ ሣጥኑ አጠገብ ሲደርስ ደነገጠና ቆመ። «ማስታወቂያ ወንጀል ሆነ እንዴ? አገሩ ሁሉ ዘፍዝፎ ይተዋል!»

«እርስዎ ‹ለብ ባለ ውሃ ዘፈዘፈችው› አሉኝ።»

«እና?»

«ውሃው ለብ ያለ እንደነበር የሚያውቀው ያፈሰሰው ሰው ብቻ ነው። እኔ ስነካው ቀዝቅዟል፤ እትዬም ያየችው ማታ ነው። ለብ ያለ እንደነበር የነገረኝ የተበላው ሱፍና እርስዎ ብቻ ናችሁ።»

«ቃል ነዋ! ከአፌ ልማድ ነው! በልማድ ሰው ይሰቀላል?»

«አይሰቀልም» አለች መርማሪዋ፤ ድምጿ ጭራሽ ዝቅ አለ። «ለዚህ ነው ጥያቄዬ አንድ ብቻ የሆነው። አንገትዎ ላይ ያለው ሻርፕ የማን ነው?»

«የራሴ! አልኩዎት እኮ። ከአንገቴ ወርዶ አያውቅም።»

«ማንም አልነካውም?»

«ማንም!»

መርማሪዋ ወደ ሚስትየዋ ዞረች። «እትዬ፣ ለኔ የነገሩኝን ይንገሯቸው።»

ሴትየዋ ከመቀመጫዋ ተነሳች። የምትናገረው ለባሏ እንጂ ለሌላ ለማንም እንዳልሆነ ሁሉ፣ ዐይኗ ሣጥኑ ላይ ነው። «ሻርፖቹ እንዳይቀያየሩ ከጫፋቸው፣ እጥፋቱ ውስጥ፣ የጥጥ ጥብጣብ ሰፍቻለሁ። ለታላቅየው አንድ ስፌት። ለታናሽየው ሁለት። ለማንም አልተናገርኩም። የኔ የማጠቢያ ምልክት ነው።»

መርማሪዋ ጥብጣቧን መዳፏ ላይ አደረገቻት። «ጥርሱ ሱፉን በልቶ ጥጡን ተወው። ሳፋው ውስጥ የቀረችው ይህች ናት። ሁለት ስፌት። አባባን የገደለው ሻርፕ የእርስዎ ነው። ማንም አልነካውም ካሉ፣ ዱቄቱን ያሹበት እርስዎ ነዎት። እቤትዎ አዘጋጅተው መጡ፣ በር ላይ ሰቀሉት፣ ሲወጡ የወንድምዎን አነሱ። የቀረውን የምስኪኗ ሴት እጅ ነው የሠራልዎ። አሁን እባክዎን የለበሱትን ይግለጡት።»

ወንድምየው እጁን ወደ አንገቱ ላከ፤ ግን አልገለጠውም። ሻርፑን እንደያዘ ቀረ። ሳጅኑ ከበሩ ተነስቶ ቀስ ብሎ መጣ፣ ጫፉን አገላበጠ፣ እጥፋቱን በጥፍሩ ፈልቀቀ።

«አንድ» አለ። «አንድ ስፌት ነው።»

«የንግድ ምልክት ስሸጥ ኖሬ...» አለ ወንድምየው። ያ ደንበኛ የሚያስደንስ ድምፅ የሌላ ሰው መሰለ። «ምልክቷን አላየሁም።»

«ለምን?» አለች ሐኪሟ። ሳትጮህ ነው ያለችው። «አጎቴ፣ ለምን?»

«ከትናንቱ ጭቅጭቅ በፊት ነው፤ ‹የዚያችን ልጅ ነፍስ እግዜር ካንተ እጅ ይፈልጋታል› አለኝ። የእናቴ ልጅ! ‹ሰኞ አንተው ተናገር፤ ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ› አለኝ። ጉንፋን መስሎኝ ነበር እኮ... መጀመሪያ ላይ ጉንፋን መስሎኝ ነበር።» ወደ ሣጥኑ አየና ዐይኑን መልሶ ሰበረ።

ኬሚስቱ ድንገት ቀና አለ። «ሰኞ እኔ እናገራለሁ» አለ። ማንም አልጠየቀውም። «አባባ ባይኖሩም። ሴቶቹ ፊት ቆሜ እናገራለሁ።»

ሳጅኑ ሻርፑን ከወንድምየው አንገት ላይ ፈትቶ በላስቲክ ከተተውና ሰውየውን በጓሮ በር ይዞት ወጣ። መርማሪዋ አልተከተለችም። በልቧ አንዲት አጭር ምስጋና አለች፤ በዚህ ሣጥን ፊት ግን ምስጋናዋም አንገቷን ደፍታ ነበር።

ሚስትየዋ ወደ ሣጥኑ ጠጋ ብላ የባሏን ኮሌታ ሰበሰበች። «ያን ሻርፕ ትመልሺልኛለሽ?» አለች። «አንገቱን ይበርደዋል።»

«አልችልም» አለች መርማሪዋ። «ማስረጃ ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች። እጇ ግን ከኮሌታው አልተነሳም፤ ጣቶቿ ባዶውን አንገት እየዳበሱ ቀሩ።

ሐኪሟ ከቆመችበት ተንቀሳቀሰች። ጥቁር ሻሿን ከአንገቷ ፈታች። አጣጠፈችውና ለእንጀራ እናቷ በሁለት እጇ ዘረጋችላት፤ ከንፈሯ ሁለት ጊዜ ተከፍቶ ያለ ቃል ተዘጋ። በሦስተኛው ድምፅ ወጣ።

«እርስዎ ያድርጉለት፣ እትዬ» አለች። «ጥጥ ነው። ይሄን አይበላውም።»